የመኖሪያ ቤት አዋጁ የማይደርስለት ተከራይ፦ የአዲስ አበባ የንግድ ቤት ኪራይ ውሎች ሲፈተሹ

የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320/2016 በመጋቢት 2016 ዓ.ም. ከጸደቀ ወዲህ፣ «ከሁለት ዓመት ላነሰ ጊዜ ማከራየት አይቻልም»፣ «ከሁለት ወር በላይ ቅድሚያ መጠየቅ ክልክል ነው» የሚለው ነገር በየሰፈሩ ታውቋል። ለመኖሪያ ቤት ሁለቱም ትክክል ናቸው። ጣጣው የሚጀምረው የፋርማሲው፣ የቡቲኩ ወይም የጸጉር ቤቱ ተከራይ ይህንኑ አዋጅ ጠቅሶ ከአከራዩ ጋር ሲከራከር ነው። አዋጁ ከስሙ ጀምሮ የመኖሪያ ቤት አዋጅ ነው። ሱቅ፣ ቢሮ፣ መጋዘንና ካፌ ውስጡ የሉም። አከራዩ የስድስት ወር ወይም የዓመት ኪራይ በአንድ ጊዜ ቢጠይቅ፣ ውሉን ለአንድ ዓመት ብቻ ቢያደርግ፣ ሲያድስ ኪራዩን እጥፍ ቢያደርግ፣ አዋጅ 1320 አይከለክለውም።

ታዲያ የንግድ ቤት ተከራይን የሚመለከተው ሕግ የቱ ነው? በዋናነት የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ነው። ፈረንሳዊው ሬኔ ዳቪድ ያረቀቀው ይህ ሕግ ከሦስት መንግሥታት ጋር ኖሮ ዛሬም ይሠራል። የሕጉ መሠረታዊ እምነት ቀላል ነው፤ ሁለት ለአካለ መጠን የደረሱ ሰዎች ፈልገው የተስማሙበትን ነገር ሕግ ያጸናላቸዋል። ቁጥር 1731 ሕጋዊ ውል በተዋዋዮቹ መካከል እንደ ሕግ ነው ይላል። ቁጥር 1763 ደግሞ ሁኔታዎች ተለውጠው ግዴታው ከታሰበው በላይ ቢከብድም ውሉ እንደጸና ይቀጥላል ይላል፤ ቀጥሎ ያለው 1764 ዳኛው ለተጎዳው ወገን አዝኖ ውሉን እንዳያሻሽል እጁን ይይዘዋል። እነዚህን ሦስት ቁጥሮች አንድ ላይ ያነበበ ሰው ነገሩ ይገባዋል። የመኖሪያ ቤት ተከራይ ከውሉ በላይ የሚከልለው አዋጅ አለው። የንግድ ቤት ተከራይ ግን ከሞላ ጎደል ያለው የፈረመው ወረቀት ነው።

ወረቀቱን ደግሞ አብዛኛው ሰው አያነበውም። የውል ጸሐፊው ኮምፒውተር ላይ ያለውን አሮጌ ውል ከፍቶ ስምና አድራሻ ይቀይራል፤ ደላላው «ያው የተለመደው ነው» ይላል፤ ይፈረማል። መጨረሻው ላይ ሁሌም ይህን የመሰለ አንቀጽ አለ፦

«ይህን ውል ለማፍረስ የሞከረ ወገን በፍ/ሕ/ቁ. 1889 እና 1890 መሠረት ለውል አክባሪው ወገን ብር 50,000፣ ለመንግሥት ብር 10,000 ገደብ ከፍሎ ውሉ በፍ/ሕ/ቁ. 1731 እና 2005 መሠረት በሕግ ፊት የጸና ይሆናል።»

እስቲ ቀስ ብለን እንየው። 1889 እና ተከታዮቹ ውል ያላከበረ ወገን አስቀድሞ የተወሰነ መቀጫ (ውሉ «ገደብ» የሚለውን) እንዲከፍል መስማማት እንደሚቻል የሚናገሩ ናቸው። 2005 በጽሑፍ የተደረገ ውል በፈራሚዎቹ መካከል ሙሉ ማስረጃ መሆኑን ይደነግጋል። ቀጣዩ 2006 ደግሞ ያንን ጽሑፍ በሰው ምስክር ለማስተባበል መሞከርን ይገድባል። «አፉ ላይ ግን ሦስት ዓመት ትቀመጣለህ ብሎኝ ነበር» የሚለው ተከራይ፣ ውሉ አንድ ዓመት ካለ፣ ደላላውን ምስክር ቢጠራም ብዙ ርቀት አይሄድም። «ለመንግሥት» የሚባለው ክፍያ የሚያስቅ ነው፤ መንግሥት በዚህ ውል ውስጥ የለበትም፤ ማን እንደሚጠይቀው፣ ለየትኛው ካዝና እንደሚገባ የሚያውቅ አላጋጠመኝም። ተከራዩን የሚጎዳው ግን ሌላ ነው፦ መጠኑ። አከራዩ የተሻለ ከፋይ ካገኘ 50,000 ብሩን ከአዲሱ ተከራይ ኪስ አውጥቶ ሊከፍል ይችላል። ለጂፕሰምና ለሴራሚክ 800,000 ብር ያፈሰሰ ባለካፌ እዚህ አንቀጽ ላይ ሲደርስ ቆም ብሎ ማስላት አለበት። አከራዩ ያለ ምክንያት ቢያስወጣው ኪሳራው ስንት እንደሆነ አስልቶ መቀጫውን እዚያ ላይ ያስጽፍ። ፍርድ ቤት የተስማሙበትን መቀጫ አንሷል ወይም በዝቷል ብሎ የመቀየር ሥልጣኑ ጠባብ ስለሆነ፣ ድርድሩ የሚካሄደው ከፊርማ በፊት ነው።

የ1763ን ክብደት ብዙ ነጋዴ የተረዳው በሐምሌ 2016 መጨረሻ ላይ ይመስለኛል። በቦሌ፣ በካዛንቺስና በሳር ቤት አካባቢ ባሉ ሕንፃዎች ኪራይን በዶላር ተምኖ በብር መቀበል የቆየ ልማድ ነበር። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ብሔራዊ ባንክ የውጭ ምንዛሪ ተመኑን ለገበያ ሲለቅ ከዚያ በፊት 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በወር ጊዜ ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። ወርኃዊ ኪራይዋ 1,500 ዶላር የሆነ አስመጪ በ57 ስትከፍል 85,500 ብር ነበር፤ በ110 ስትከፍል 165,000 ብር ሆነ። ሱቋ አልሰፋ፣ ደንበኛዋ አልጨመረ። ሕጉ በውጭ ገንዘብ የተተመነ ዕዳ በመክፈያው ቀን ምንዛሪ በብር ሊከፈል እንደሚችል ያውቃል፤ ስለዚህ «ኪራዩ 1,500 ዶላር ወይም በዕለቱ ምንዛሪ ተመጣጣኙ ብር» የሚል ውል የፈረመ ሰው «ያልጠበቅኩት ነገር ነው» ብሎ ቢከራከር 1763ን ያገኛል። በሌላ በኩል በሀገር ውስጥ ሰዎች መካከል ክፍያን በውጭ ገንዘብ መፈጸም የብሔራዊ ባንክን የውጭ ምንዛሪ ደንብ ይነካል፤ ይህ ለተከራዩ የመደራደሪያ ጉልበት ሊሆነው ይችላል፣ ዋስትና ግን አይሆነውም። የተሻለው መንገድ ኪራዩን በብር ወስኖ ጭማሪውን በመቶኛና በዓመት ማሰር ነው፦ «በየዓመቱ ከ15 በመቶ ያልበለጠ»። «እንደ ገበያው ሁኔታ ይስተካከላል» የሚል ዓረፍተ ነገር ያለበት ውል የኪራይ መጠን የለውም ማለት ይቻላል።

አሁን ወደ ሌላኛው ጫፍ እንሂድ፤ ማን ነው የሚያከራየው? ቁልፉን የያዘው ሁሉ ማከራየት አይችልም። ከሁሉ በላይ የሚረሳው የትዳር ጉዳይ ነው። የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ (አዋጅ ቁጥር 213/1992) በቁጥር 68 የጋራ የሆነን የማይንቀሳቀስ ንብረት መሸጥና ማስያዝ ብቻ ሳይሆን ማከራየትም የሁለቱን ተጋቢዎች ስምምነት ይፈልጋል ይላል። ያልተስማማው ተጋቢ ነገሩን ባወቀ በስድስት ወር፣ ቢዘገይ ቢዘገይ ውሉ በተደረገ በሁለት ዓመት ውስጥ ውሉ እንዲፈርስ ሊጠይቅ ይችላል። ባልየው ፈርሞ ሚስቲቱ ካልፈረመች፣ ትዳሩ የሚታመስ ዕለት ተከራዩም አብሮ ይታመሳል። ካርታው ላይ አንድ ስም ብቻ መኖሩ ንብረቱ የግል ነው ማለት አይደለም፤ የጋብቻ ሁኔታ ማስረጃ መጠየቅ ነውር ሊመስል ቢችልም ውልና ማስረጃ ራሱ የሚጠይቀው ነገር ነው።

ሁለተኛው የውክልና ነገር ነው። በአዲስ አበባ ያሉ ብዙ ሕንፃዎች ባለቤቶቻቸው ዋሽንግተን፣ ሎስ አንጀለስ ወይም ዱባይ ናቸው። ወንድም ወይም አጎት በኤምባሲ ተረጋግጦ በውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር በኩል ባለፈ ውክልና ያከራያል። የፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 2204 በጠቅላላ ውክልና ሊሠሩ የሚችሉ የአስተዳደር ሥራዎችን ሲዘረዝር ማከራየትን ያካትታል፣ ግን ከሦስት ዓመት ለማይበልጥ ጊዜ። አምስት ዓመት የሚል ውል ሊፈርም የመጣ ወኪል «እንዲያከራይ፣ እንዲያስተዳድር» ከሚል ጠቅላላ ቃል ያለፈ፣ ከሦስት ዓመት በላይ ማከራየትን ለይቶ የሚፈቅድ ልዩ ሥልጣን ያስፈልገዋል። ውክልናው አለመሻሩንም በውልና ማስረጃ ማረጋገጥ ይቻላል። ባለቤቱ ለበዓል መጥቶ «ማን ነው ያከራየው?» ሲል መስማት የሚያስደነግጠው ይህን ላላጣራ ሰው ነው።

ሦስተኛው የመንግሥት ቤት ነው። አዋጅ ቁጥር 47/1967 የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት የመንግሥት ካደረገ ወዲህ በመርካቶ፣ በፒያሳና በአራት ኪሎ ብዙ ሱቆች የቀበሌ፣ ወይም ዛሬ የፌዴራል ቤቶች ኮርፖሬሽን የሚባለው ተቋም ናቸው። እዚያ ያለው ኪራይ ከገበያው በብዙ ያነሰ ስለነበር (ኮርፖሬሽኑ በ2011 ዓ.ም. የንግድ ቤቶቹን ኪራይ ሲያሻሽል የተነሳውን እሮሮ ብዙዎች ያስታውሳሉ) መዝገብ ላይ ስሙ ያለው ተከራይ ቤቱን ለሌላ አሳልፎ ልዩነቱን ይበላል። «ቁልፍ» ተብሎ በአንድ ጊዜ የሚከፈል ወፍራም ገንዘብም አለ። ያንን ገንዘብ የከፈለ ነጋዴ በቤቱ አስተዳዳሪ ፊት ማንም አይደለም። ኮርፖሬሽኑ ወይም ወረዳው ቤቱ ለሦስተኛ ወገን ተላልፏል ብሎ ሲያሽግ የሚቆረጠው የዋናው ተከራይ ውል ነው፤ ከፋዩ በእጁ ያለው ደረሰኝ የሌለው ገንዘብ ትዝታ ነው። ስንቱ ሰው ይህን እያወቀ ይገባበታል? ብዙ። ቦታው መርካቶ ስለሆነ።

ካርታ፣ ጋብቻና ውክልና ከታዩ በኋላ የዕዳና እገዳ ማጣሪያ ይቀራል። ሕንፃው ለባንክ ተይዞ እንደሆነ ማወቅ ያስፈልጋል፤ ባንኮች በአዋጅ ቁጥር 97/1990 ክስ ሳያስፈልጋቸው በመያዣነት የያዙትን ንብረት በሐራጅ ለመሸጥ የሚያስችል ሥልጣን አላቸው፤ ሽያጩም ፈጣን ነው። ከአምስት ዓመት በላይ የሆነ የኪራይ ውል ደግሞ በማይንቀሳቀስ ንብረት መዝገብ ካልተመዘገበ በሦስተኛ ወገን ላይ መቃወሚያ ሊሆን እንደማይችል የፍትሐ ብሔር ሕጉ ይናገራል። አሥር ዓመት ተፈራርሞ ወረቀቱን መሳቢያ ውስጥ ያስቀመጠ ሰው አዲሱ ገዢ ሲመጣ የሚያሳየው ነገር ይሳሳበታል።

ወደ ገንዘቡ ስንመጣ፣ በከተማችን ሁሉም የሚያውቀው ግን ጮክ ብሎ የማይነገር አሠራር አለ፤ ሁለት ውል። አንዱ ውልና ማስረጃ ቀርቦ የሚጸድቅ፣ ኪራዩ 20,000 ብር የሚል። ሌላው «የጎን ውል»፣ 60,000 ብር የሚል። የመጀመሪያው ለንግድ ፈቃድ ይቀርባል፤ ፈቃድ ለማውጣትም ሆነ አድራሻ ለመቀየር የጸደቀ የኪራይ ውል ወይም የባለቤትነት ማረጋገጫ ይጠየቃልና። የቴምብር ቀረጡም፣ አከራዩ በሠንጠረዥ «ለ» የሚከፍለው የኪራይ ገቢ ግብርም በዚያ ይሰላል። ተከራዩ ብዙውን ጊዜ የሚስማማው ቤቱን እንዳያጣ ብሎ ነው። ግን ሒሳቡን ይዞ ሲቀመጥ ተጎጂው ራሱ ነው። የግብር መሥሪያ ቤቱ ወጪ ብሎ የሚይዝለት በደረሰኝ የተደገፈውን 20,000 ብር ነው፤ በተግባር የከፈለው ቀሪው 40,000 ብር እንደ ትርፍ ተቆጥሮ ግብር ይከፈልበታል። የአከራዩን ግብር ተከራዩ ከፈለ ማለት ነው። ጠብ ሲመጣም እያንዳንዱ ለእሱ የሚመቸውን ወረቀት ያወጣል፤ የዓመት ኪራይ በጥሬ ገንዘብ የሰጠ ሰው የከፈለውን ማስረዳት ይቸግረዋል። ሐሰተኛ ሰነድ ለግብር ሰብሳቢው ማቅረብ በታክስ አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 983/2008 የሚያስጠይቅ መሆኑ ሳይረሳ። ክፍያ በባንክ፣ ደረሰኝ በሙሉ መጠን፤ በዚህ ላይ የማይስማማ አከራይ ሌላ ነገር ላይም አይስማማም።

ተጨማሪ እሴት ታክስ ሌላው የጠብ በር ነው። የመኖሪያ ቤት ኪራይ ከታክሱ ነፃ ነው፤ የንግድ ቤት ኪራይ ግን አይደለም። አከራዩ ለቫት ከተመዘገበ (አሁን የሚሠራው አዋጅ ቁጥር 1341/2016 ነው) 15 በመቶ ይታከልበታል። «ኪራይ ብር 100,000» የሚል ውል ቫቱ ውስጡ ነው ወይስ ከላዩ? አንዷ ቃል የወር 15,000 ብር ታወጣለች። ሁለቱም ወገን ለቫት ከተመዘገቡ ተከራዩ የከፈለውን ማካካስ ስለሚችል ያን ያህል አይጎዳም፤ ለቫት ያልተመዘገበ ትንሽ ባለሱቅ ግን ከኪሱ ነው የሚወጣው። ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ በአዲስ አበባ የተሻሻለው የጣሪያና ግድግዳ ግብርም እንዲሁ ነው። ግዴታው የባለቤቱ ቢሆንም «ማናቸውንም የመንግሥት ክፍያ ተከራይ ይከፍላል» የሚል ሐረግ ወደ ተከራዩ ያዞረዋል።

በትላልቆቹ ሕንፃዎች ኪራይ የሚሰላው በካሬ ሜትር ነው። ያከራዩህ 40 ካሬ ሜትር ውስጥ የኮሪደሩ፣ የደረጃውና የመጸዳጃ ቤቱ ድርሻ ሊኖርበት ይችላል፤ ሜትር ይዞ ገብቶ የሱቁን ወለል ለክቶ የመጣ ሰው አንዳንዴ 30 ያገኛል። ይህ በራሱ ማጭበርበር አይደለም፣ ውሉ ላይ ከተጻፈ። ያልተጻፈ ከሆነ ግን በየወሩ ያልያዝከውን አሥር ካሬ ትከፍላለህ። የጄኔሬተር ነዳጅ፣ የጥበቃ፣ የጽዳትና የሊፍት ጥገና ክፍያም ተለይቶ ይጻፍ፤ ቆጣሪው የጋራ ከሆነ መብራቱ እንዴት እንደሚከፋፈል ጭምር። በጋራ ሕንፃ ባለቤትነት አዋጅ ቁጥር 370/1995 በሚተዳደር ኮንዶሚኒየም ውስጥ ያለ ሱቅ ከሆነ ደግሞ ማስታወቂያ የሚሰቀልበት ግድግዳና መኪና የሚቆምበት ግቢ የአከራዩ ብቻ አይደሉም፤ የማኅበሩ ናቸው። አከራዩ «በፈለግከው ቦታ ሰሌዳ ስቀል» ብሎ ቢፈቅድ የሌላውን ሰው ንብረት እየፈቀደ ነው።

የሕንፃው የተፈቀደ አገልግሎት ላይ ትንሽ እንቆይ፤ ምክንያቱም ውሉ ፍጹም ሆኖ ንግዱ የማይከፈትበት እዚህ ነው። በሕንፃ አዋጁ መሠረት ሕንፃ ለተፈቀደለት አገልግሎት ነው የሚውለው፣ አገልግሎት ለመቀየርም ፈቃድ ያስፈልጋል። ለመኖሪያ የተፈቀደ ቪላ ክሊኒክ ወይም መዋዕለ ሕፃናት ለመክፈት ሲከራይ ተከራዩ ፈቃድ ሰጪው ቢሮ ደርሶ ይመለሳል፤ የስድስት ወር ኪራዩ ግን አልተመለሰም። ለመኪና ማቆሚያ የተፈቀዱ ምድር ቤቶች ሱቅና መጋዘን ሆነው ሲገኙ የከተማ አስተዳደሩ ወደ ቀድሞ አገልግሎታቸው እንዲመለሱ ሲያዝም አይተናል፤ ያኔ ዕቃውን ተሸክሞ የሚወጣው ተከራዩ ነው። መፍትሔው አንድ ዓረፍተ ነገር ነው፦ ሕንፃው ለታሰበው ንግድ የማይፈቀድ ሆኖ ከተገኘ ወይም በዚህ ምክንያት የንግድ ፈቃድ ከተከለከለ ውሉ ይፈርሳል፣ የተከፈለው ሙሉ ገንዘብም ይመለሳል። ብዙ አከራይ ይህን ለመፈረም አይቸገርም፤ የሚቸገር ካለ የሚያውቀው ነገር አለ ማለት ነው። እዚህ ላይ ቀብድንም ላንሳ። ውል ሳይፈረም «ቤቱን ያዙልኝ» ብሎ የሰጠ ሰው ሐሳቡን ከቀየረ ቀብዱን ያጣል፤ ተቀባዩ ሐሳቡን ከቀየረ እጥፉን ይመልሳል። ይህ የቁጥር 1885 ሐሳብ ነው፤ ግን ለደላላው የተሰጠ ገንዘብ ለአከራዩ እንደተሰጠ ለማስረዳት ወረቀት ያስፈልጋል።

ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ ማንም ውል ላይ የማያገኘው፣ ሁሉም ግን የሚያወራው አንድ ጉዳይ መጣ፤ መፍረስ። የኮሪደር ልማቱ ፒያሳን፣ አራት ኪሎን፣ ከዚያም ካዛንቺስን ሲነካ ከአሥራ አምስትና ሃያ ዓመት በላይ በአንድ ሱቅ የቆዩ ነጋዴዎች በአጭር ጊዜ ለቀዋል። የመሬት ማስለቀቂያና የካሳ አዋጅ ቁጥር 1161/2011 የሚያተኩረው በመሬቱ ባለይዞታ ላይ ነው። የግል ቤት ተከራይ ባለይዞታ አይደለም። ባለቤቱ ለሕንፃው ካሳና ምትክ ቦታ ሲደራደር፣ ለመደርደሪያውና ለማቀዝቀዣ ክፍሉ ገንዘብ ያፈሰሰው ተከራይ የት ነው የሚቆመው? ውሉ ዝም ካለ መልሱ ከባድ ነው። ስለዚህ ዛሬ ላይ የሚፈረም ማንኛውም የመሃል ከተማ ኪራይ ውል ሦስት ነገር መመለስ አለበት እላለሁ፦ የማስለቀቂያ ማስታወቂያ ለባለቤቱ ሲደርስ በስንት ቀን ለተከራዩ ያሳውቃል? ያልተኖረበት ኪራይ መቼ ይመለሳል? ተከራዩ በራሱ ወጪ የሠራው ነገር በካሳ ግምት ውስጥ ከገባ ድርሻው ስንት ነው? በጥቅምት 2017 መርካቶ ሸማ ተራ ላይ የደረሰው ቃጠሎም ተመሳሳይ ጥያቄ አስከትሏል፤ ሱቁ ከተቃጠለ ኪራዩ ይቆማል ወይ፣ ቤቱን ማን ያስገነባል፣ መድን የገባው ማነው? የባለቤቱ መድን ሕንፃውን እንጂ የተከራዩን ዕቃ አይሸፍንም።

አከራዩ ተከራዩ ለሌላ እንዳያከራይ የሚፈልግበት ምክንያት እልህ ብቻ አይደለም። የገቢ ግብር አዋጁ ቁጥር 979/2008 የተከራየ ሰው መልሶ ሲያከራይ በልዩነቱ ላይ ግብር እንደሚከፍል ከደነገገ በኋላ፣ እሱ ሳይከፍል ቢቀር የፈቀደው የሕንፃ ባለቤት ተጠያቂ እንደሚሆን ይናገራል። ነገር ግን ንግድን ከነስሙ መሸጥና ሱቅን ማከራየት ይለያያሉ። የንግድ ሕጉ የንግድ መደብር የሚለው ነገር ዕቃውን ብቻ ሳይሆን መልካም ዝናውን፣ የንግድ ስሙንና ንግዱ የሚካሄድበትን ቤት የመከራየት መብት ጭምር ይይዛል። ሃያ ዓመት የሠራች ባለ ዳቦ ቤት ንግዷን ስትሸጥ ገዢው የሚከፍለው ለዱቄቱ አይደለም፤ ጠዋት ጠዋት ለሚሰለፈው ደንበኛ ነው። ደንበኛው ደግሞ ከቦታው ጋር ነው። ውሉ «ለሦስተኛ ወገን ማስተላለፍ ፈጽሞ ክልክል ነው» ካለ ያ ሁሉ ዋጋ በአከራዩ ፈቃድ ላይ ተንጠለጠለ ማለት ነው። «ንግዱ ሲሸጥ አከራዩ ያለ በቂ ምክንያት ፈቃዱን አይከለክልም» የሚል መስመር ማስገባት ይቻላል፤ የሚያስገባው ግን ከመቶ አንድ ነው ብል ያጋነንኩ አይመስለኝም።

የንግድ ሕጋችን በ1952 ዓ.ም. ሲወጣ ያረቀቁት ኤስካራና ዦፍሬ ፈረንሳውያን ነበሩ፤ የንግድ መደብር የሚለውንም ሐሳብ ያመጡት ከሀገራቸው ነው። እዚያ ግን ከ1953 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ነጋዴ ተከራይ ቢያንስ የዘጠኝ ዓመት ውል፣ ውሉ ካልታደሰለትም ካሳ የመጠየቅ መብት አለው። አዲስ አበባ ላይ በተግባር የሚታየው ሌላ ነው፤ ዘመኑ ሲያልቅ አከራዩ «አላድስም» ካለ ክርክሩ የሚያጥረው በውሉ ቀን ላይ ነው። እኔ ለንግድ ቤት የኪራይ ጣሪያ ይውጣ ከሚሉት ወገን አይደለሁም፤ ጣሪያው የሚያመጣው ተጨማሪ የጎን ውል ይመስለኛል። ግን አላድስም የሚል አከራይ ቢያንስ ከስድስት ወር በፊት በጽሑፍ እንዲያሳውቅ፣ በዚያው ቦታ ተመሳሳይ ንግድ ለራሱ ወይም ለዘመዱ ሊከፍት ያስወጣው ከሆነ ለመልካም ዝናው እንዲክስ የሚያስገድድ ድንጋጌ ለማንም ገበያ አያፈርስም። የሰፈሩ ሰው የለመደውን ቁርስ ቤት አስወጥቶ በሳምንቱ ቁርስ ቤት የሚከፍት አከራይ አለና።

እስከዚያው ድረስ የሚጠቅመው መልቀቂያው ላይ መጠንቀቅ ነው። ኪራይ ያዘገየ ተከራይን አከራዩ ወዲያው ማባረር አይችልም፤ ሕጉ ማስጠንቀቂያ ሰጥቶ እንዲጠብቅ ያዛል፣ ዓመትና ከዚያ በላይ ለሆነ ውል 30 ቀን፣ ላነሰው 15 ቀን። በሌሊት ተጨማሪ ቁልፍ መቆለፍ፣ መብራት መቁረጥ፣ ዕቃ ማውጣት የፍርድ ቤት ትዕዛዝን አይተኩም። ዘመኑ አልፎ ሁለቱም ዝም ብለው የቀጠሉበት ውል ደግሞ ጊዜው ያልተወሰነ ውል ይሆናል፤ የሚቋረጠውም በማስጠንቀቂያ ነው፤ ስለዚህ «እያደር እናድሳለን» ብሎ ዓመታት የቆየ ባለሱቅ ቀድሞ የነበረው የሦስት ዓመት ዋስትና አሁንም አለኝ ብሎ እንዳይዘናጋ። ሲወጣ ደግሞ የትኛው መብራት፣ የትኛው ሮሊንግ ሻተር፣ የትኛው ፓርቲሽን የማን እንደሆነ የሚዘረዝር የርክክብ ሰነድ በመግቢያው ቀን ከነፎቶው ተፈርሞ ካልነበረ፣ ተከራዩ ሲገባ በመያዣነት የሰጠው ገንዘብ የሚመለሰው በአከራዩ በጎ ፈቃድ ነው።